«እንቅስቃሴ አሠሯት»

እናቴ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት በእጃችን የነበረው ሦስት ዓይነት ኪኒን የያዘ ፌስታል፣ አንድ የመውጫ ወረቀት፣ እንዲሁም ወረቀቱን የሰጠን ባለሙያ ወደ ቀጣዩ አልጋ እየተሻገረ የተናገራት አንዲት ምክር ነበር፦ «እንቅስቃሴ አሠሯት።» እኔም እኅቴም «እሺ፣ አላህ ይስጥልን» ብለን አመስግነን ወጣን። ጥያቄው የመጣልኝ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የእናቴን ራስ ጭኔ ላይ አስደግፌ ሳለሁ ነው። የትኛውን እንቅስቃሴ? በቀን ስንት ጊዜ? ማን፣ የት ላይ ይዟት? ቢያማት እናቁም ወይስ እንቀጥል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁ መምህር ነኝ፤ ተማሪ «ገባኝ» ሲል አለመግባቱን ከዓይኑ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን እኔው ራሴ ሳይገባኝ «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈውም ስትሮክ የመታው ሰው ቤት ከገባ በኋላ የሚሆነውን ከውስጥ ሆኜ ስላየሁትና ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ስለከረምሁ ነው።

እናቴ የተሁለደሬ ሰው ናት። ደም ብዛት እንዳለባት የተነገራት ከመታመሟ ከአራት ዓመት በፊት ነበር፤ ኪኒኑን ጥቂት ወራት ዋጠችና «አሁንማ ደኅና ነኝ» ብላ ተወችው። እንደ እርሷ ያደረገ ሰው በየቤቱ አለ። ደም ብዛት አያምም፤ የማያም ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ ሆኖም ለስትሮክ ከሚያጋልጡት ነገሮች ቀዳሚው እርሱ ነው። አንድ ቀን ንጋት ላይ እኅቴ የሱብሂን ሶላት ጨርሳ ዘወር ስትል እናቴን ከመስገጃዋ ላይ በጎኗ ወድቃ አገኘቻት። አፏ ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏል፣ ልትናገር ስትሞክር የሚወጣው ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ምች ነው» አለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀ። ሌላው «ልክፍት ነው» አለ፤ ዱዓ ተደረገ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም የሚያውቀውን አደረገ። ባጃጅ ተፈልጎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎ ደሴ ሲደርሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። እኔ ከኮምቦልቻ ተነሥቼ የተቀበልኋቸው እዚያ ነው።

ስትሮክ ሁለት መልክ አለው። ወይ ደም ወደ አንጎል የሚወስደው ቧንቧ በረጋ ደም ይደፈናል፣ ወይ ቧንቧው ፈንድቶ ደም ይፈስሳል። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ገዳይ ሊሆን ስለሚችል ሲቲ ስካን የግድ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ የተባለው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል፤ በአገራችን ግን ከጥቂት የአዲስ አበባ ተቋማት ውጭ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። የእናቴ የረጋ ደም ነበር፤ የነካው የአንጎሏን ግራ ክፍል በመሆኑ ቀኝ ጎኗንና ንግግሯን ይዞ ሄደ። ደሴ ስትደርስ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ቢጠብቃት እንኳ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ፊቱ የተጣመመ፣ አንድ እጁ የከዳው ወይም ንግግሩ የተንተባተበ ሰው ሲያዩ ዳማከሴውን ትቶ መኪና መፈለግ እንደሚገባ ያኔ ብናውቅ ኖሮ እያልሁ ብዙ ሌሊት አድሬአለሁ። ነገር ግን ስለዚያች ሰዓት በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ብዙ ይነገራል። ከሆስፒታሉ በር ወዲህ ስላሉት ወራት የሚናገር ግን እምብዛም አልሰማሁም፤ የእናቴ ዕጣ የተወሰነው ደግሞ በእነዚያ ወራት ነው።

ሆስፒታሉ ነፍሷን አትርፏል፤ ይህን አልክድም። ስድስት ሌሊት አስተኝተው ግፊቷን አወረዱ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን አስጀመሩ። ክፍሉ ግን የሳንባ፣ የልብ፣ የስኳርና የኩላሊት ሕሙማን አብረው የሚተኙበት ክፍል ነበር፤ ፊዚዮቴራፒስቱንም (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያውን) አንዲት ቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ አየነው። ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ በስትሮክ ሕክምና ሞትንም የሰው እጅ ጠባቂ ሆኖ መቅረትንም እንደሚቀንሱ በሚገባ ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ አዲስ መድኃኒት ሳይሆን የአሠራር ጉዳይ ነው፤ የስትሮክ ሕሙማንን ለብቻቸው በአንድ ክፍል ማስተኛት፣ ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ ፊዚዮቴራፒስቱና የንግግር ባለሙያው በየሳምንቱ ስለ እያንዳንዱ ታካሚ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ማድረግ። ይህ ገንዘብ አይፈልግም ማለቴ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሚፈልገው ገንዘብ ይልቅ የሚፈልገው ውሳኔ የሚበልጥ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ቤታችን ልናገር።

በወሎ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ከደሴ በተመለስን ማግሥት ቤቱ በሰው ሞላ፤ ከሐይቅ ማዶ የመጣ ዘመድ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት፣ አጥሚት የያዘ፣ በሶ የበጠበጠ፣ ዶሮ አርዶ የመጣ። ሁሉም «አብሽሪ» ይላታል። እኅቴና የአክስቴ ልጆች ተራ ገብተው ሌትና ቀን ከአጠገቧ አልተለዩም። ይህን ያህል ፍቅር ባለበት ቤት ውስጥ የተሠራው ስሕተት ሁሉ በዚያው በፍቅር የተሠራ ነው።

የመጀመሪያው ጉርሻው ነው። እናቴ በጀርባዋ እንደተኛች በትራስ ትንሽ ቀና ተደርጋ ትጎርስ ነበር፤ መጉረስ ስትጀምር ደግሞ አጉራሹ ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ትን ይላታል፤ እኛም «ጉሮሮዋ ደርቆ ነው» እያልን ውኃ እናስከትላለን። ስትሮክ የመታው ሰው የመዋጥ ጡንቻዎቹም ሊሰንፉ እንደሚችሉ፣ ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ ወደ ሳንባ ለመግባት እንደሚቀልለው የነገረን ሰው አልነበረም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ ሳንባዋ ተመትቶ ነበር። ለሰባት ቀን እንደገና መርፌ ተወጋች።

ሁለተኛው ትከሻዋ ነው። ልናስነሣት ስንፈልግ ከግራና ከቀኝ ሆነን በእጆቿ ስበን ነበር የምናቀናት። የሰነፈ ትከሻ አጥንቱን የሚይዝለት ጡንቻ የለውም፤ ክንዱ በራሱ ክብደት ከጉድጓዱ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ በዚያ ላይ ሲሳብ ይባስ ይጎዳል። ሕመሙ ሲጠና ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው በአካባቢያችን የታወቀ፣ የተሰበረ አጥንት በመጠገን የብዙ ሰው ምርቃት ያለበት ሰው ነው፤ እጅግም አከብረዋለሁ። ነገር ግን የእናቴ ችግር ውልቃት አልነበረም፤ በቅቤ እያሸ ሲስበው ትከሻዋ እየባሰ ሄደ። እኔ ከዚያ ያተረፍሁት ትምህርት ወጌሻን መንቀፍ ሳይሆን፣ ባለሙያ ጠፍቶ ሜዳው ባዶ በሆነበት ቦታ ሰው ያለውን እንደሚጠራ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ሳይሆን አይቀርም፦ ምንም አላሠራናትም። ፀጉሯን አበጠርንላት፣ ፊቷን አጠብንላት፣ ነጠላዋን አከናነብንላት፤ ግራ እጇ ጤነኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን በግራ መብላት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እርሷም በግራዋ ከመጉረስ በሰው እጅ መጉረስን መረጠች። የሚገርመው ይህን ችግር የፈታው ሐኪም አልነበረም። ሊጠይቋት የመጡ አንድ ሼህ ነገሩን ተመልክተው «ለተቸገረ ሰው ፈቃድ አለው፤ ቢስሚላህ ብለሽ ብዪ» አሏት። በዚያው ቀን በግራዋ ቆርሳ በላች።

በስድስተኛው ሳምንት ኮንትራት መኪና ይዘን ደሴ ወደሚገኝ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወሰድናት። የተቀበለን ወጣት ባለሙያ እጇንም እግሯንም ከመንካቱ በፊት ያደረገው ነገር አስደነቀኝ። ከፊቷ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና «እናቴ፣ አብሽሩ» ካላት በኋላ ወደ እኅቴ ዞሮ፣ ከመታመሟ በፊት ቀኑን እንዴት ታሳልፍ እንደነበር ጠየቀ። ስንት ሰዓት ትነሣለች? ውዱእ የምታደርገው የት ነው? ቡና ማን ያፈላል? መጸዳጃው ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ቁጢጥ የሚባልበት ነው? መኝታዋ መደብ ነው አልጋ? ለካ «እንቅስቃሴ» የተባለው ነገር መነሻው ይህ ኖሯል፤ ሰውየው ሊመለስበት የሚፈልገው ሕይወት።

ከዚያ እኛን ማስተማር ጀመረ። ትከሻዋን አሳየን፤ ከአጥንቱ በታች ሁለት ጣት የሚገባ ክፍተት ነበር። ዳግመኛ በክንዷ እንዳንስባት፣ ስትቀመጥ ክንዷ ከትራስ ላይ እንዲያርፍ፣ ስትተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን እንድንቀይር፣ ስትበላ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ አገጯን ትንሽ ዝቅ አድርጋ፣ ትንሽ ትንሽ እየጎረሰች እንድትውጥ፣ ከበላችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳትተኛ እንድትቆይ ነገረን። ነገረን ብቻ አይደለም፤ እኅቴን «አንቺ አሳዪኝ» እያለ ሦስት አራት ጊዜ አሠራት። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ሳምንት ሙሉ ያጣነውን አገኘን። ንዴትም ያዘኝ፤ ይህ ሰው ያለበት ክፍል እናቴ ስድስት ሌሊት ካደረችበት አልጋ ብዙ የሚርቅ አልነበረምና።

ስለ መደጋገም የነገረን ነገር የተለየ ቦታ ይገባዋል። የተጎዳው የአንጎል ክፍል ባይመለስም የቀረው ክፍል ሥራውን ሊማር ይችላል፤ የሚማረው ግን ሕፃን ልጅ መራመድ እንደሚማረው እጅግ ብዙ ጊዜ በመሞከር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ባለሙያዎች ታካሚን ሲያሠሩ ቆሞ ቢቆጥር፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ እጅ የሚሠራው ትርጉም ያለው እንቅስቃሴ በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግን ለውጥ የሚመጣው በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። በዚያች ሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ በወር አንዴ ደሴ ደርሳ የምትመለስ ሴት ምን ልታገኝ ትችላለች? ቁጥሩ ሊሞላ የሚችለው ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ባለሙያው ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን በቀን ብዙ ጊዜ እንድትሠራ ሲያዝላት፣ እኅቴ ቆጠራው እየተምታታባት ተቸገረች። መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። በግራ እጇ ሙስበሃዋን ያዘችና በተነሣች ቁጥር አንድ ፍሬ ታሳልፍ ጀመር። ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ጠዋት ሠላሳ ሦስት፣ ከዙህር በኋላ ሠላሳ ሦስት፣ ከዐስር በኋላ ሠላሳ ሦስት። ምላሷ ባይታዘዝላትም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበርና፣ መነሣቷን ትቁጠር ዚክር ታድርግ ለመለየት ያስቸግራል። ሁለቱም ይመስለኛል።

ብዙ ሥራ መልካም ነው ሲባል ቶሎና በኃይል መጀመር መልካም ነው ማለት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። በአምስት አገሮች 2,104 ታካሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ታካሚን በብዛት ማስነሣትና ማራመድ ከተለመደው አሠራር ያነሰ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። በአጭር በአጭሩ፣ ግን ደጋግሞ ነው ዘዴው። እኔ ደግሞ የሰማሁትን ሁሉ በአንድ ቀን ካላሠራሁ የምል ሰው ስለሆንሁ እኅቴ «አያ፣ አንተ ወደ ኮምቦልቻህ ሂድ» ያለችኝ ቀን አለ።

ግቢያችን ተለወጠ። ሁለት ረዘም ያለ የባሕር ዛፍ አጠና በወገብ ልክ አግድመን ቸነከርን፤ በመካከሉ ትመላለሳለች። አናጺ ጠርተን መቀመጫው የተበሳ ወንበር አሠርተን መጸዳጃው ጉድጓድ ላይ አስቀመጥነው፤ ቁጢጥ ማለት ለማይችል ሰው ከዚህ የበለጠ ክብርን የሚመልስ መሣሪያ አላውቅም፤ ዋጋውም ከአንድ ቀን የኮንትራት መኪና ያነሰ ነበር። ጣቶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው መሬት የሚጠርጉት እግሯ ቀጥ እንዲልላት ከጫማ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ድጋፍ ተሠራላት። ምርኩዙን በየትኛው እጅ መያዝ እንዳለባት ግን ሁላችንም ተሳስተን ነበር፤ የሚያዘው በጤነኛው በኩል ነው።

እጇን በተመለከተ ታሪኩ እንዲህ ደስ የሚል አይደለም። ጤነኛውን እጅ በጓንት አስሮ የሰነፈውን እንዲሠራ ማስገደድ የሚባል ዘዴ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ትልቅ ጥናት ከስትሮክ በኋላ ከ3 እስከ 9 ወር በሆናቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ነገር ግን የሚሆነው አንጓውንና ጣቶቹን በመጠኑም ቢሆን መዘርጋት ለሚችል ሰው ነው፤ የእናቴ ጣቶች ደግሞ ተጨብጠው ቀርተዋል። ባለሙያው ይህን ሳይደብቅ ነገረን፤ የሚችለውንም አደረገ። ቀኝ እጇ ሥራ እንዳይፈታ ረዳት አደረገው፤ ግራዋ ቡናውን ስትወቅጥ ቀኝዋ ሙቀጫውን አቅፎ ይይዛል፤ ግራዋ ስትቆርስ ቀኝዋ ከትሪው ጠርዝ ላይ ያርፋል። በጀበና ውኃ ሞልታ ወደ ስኒ መቅዳትን ለሳምንታት ተለማመደች። ቡናው የመጣው ኋላ ነው። በመንደሩ ያለ ሰው ሁሉ «ነርቭ የሚያነሣ» የቫይታሚን መርፌ እንድናስወጋት መክሮናል፤ አስወግተናታልም፤ ለስትሮክ እጅን የሚመልስ መርፌ እንደሌለ የተረዳሁት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ንግግሯ። በሦስተኛው ወር ገደማ ሴቶቹ በቤታችን ተሰብስበው ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ እየተደረገ ሳለ አንዷ መንዙማ አነሣች። እናቴ አብራ ገባች። «ውኃ» ማለት ያልቻለችው ሴት ግጥሙን ከነቃሉ፣ ከነዜማው ተቀበለች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ እኅቴ ደውላ «እማዬ ዳነች» አለችኝ። አልዳነችም። ዜማው ሲቆም ቃሉም ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያለችው ነገር «እ... እ...» ብቻ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ የነበረውን ድንጋጤ መናገር ያስቸግረኛል፤ አንዳንዱ ሰውማ ሆን ብላ ዝም የምትል መሰለው።

ነገሩ በሕክምናው ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። በአብዛኛው ሰው ንግግር የሚመራው ከግራው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ በዜማና በቃል የተያዘ ነገር ግን በሌላ መንገድ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የቦስተን ተመራማሪዎች ይህን ተመልክተው፣ ታካሚው የዕለት ተዕለት አባባሎችን በዜማ እያለና የግራ እጁን እየመታ እንዲለማመድ የሚያደርግ ዘዴ አቀረቡ። ተአምር አይደለም፤ ለሁሉም አይሠራም፤ ማስረጃውም የተደባለቀ ነው። የንግግር ባለሙያ ደሴ ላይ ስላላገኘን እኅቴ ከነገርኋት ላይ ተነሥታ የራሷን ሠራች። «ውኃ ስጪኝ» የሚለውን በመንዙማ ዜማ አደረገችው፤ የእናቴን ግራ እጅ ይዛ ጉልበቷ ላይ እየመታች ታስብላታለች። ዛሬ እናቴ ወደ አርባ የሚደርስ አባባል አላት። ዘመድ ሲመጣ ግማሹን በዜማ ስለምትመልስ ልጆች ይስቃሉ፤ እርሷም ትስቃለች።

ሁልጊዜ ግን አትስቅም ነበር። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ ድብርት ይይዛቸዋል፤ እናቴም በአምስተኛው ወር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሙስበሃዋን መንካት ተወች። «አብሽሪ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ከበዳት መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ እንድትበረታ ሲያዝዛት የሚያዝንላት አጣች። በመድኃኒትም በጊዜም ተሻላት፤ በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ እርሷም አትወድልኝም።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ወደ አንድ መደምደሚያ ሊቸኩል ይችላል፤ ባለሙያ ከሌለ ቤተሰቡን አሠልጥኖ ሥራውን ለእርሱ መተው ነው የሚል። እኔም እንዲህ አስብ ነበር። በሕንድ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አቴንድ የተባለ ጥናት የፈተነው ይህንኑ ነው፤ የግማሾቹን አስታማሚዎች አሠልጥነው ማገገሚያውን ቤታቸው እንዲያካሂዱ አደረጉ። ከስድስት ወር በኋላ የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ መኖር ያልቻሉት በሁለቱም ወገን 47 ከመቶ ሆኑ። ሥልጠናው ልዩነት አላመጣም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድሁ፤ የእኅቴን ድካም የካደብኝ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ያሳየኝ ነገር ሌላ ነው። እኅቴ የሠራችው ሥራ ውጤት ያመጣው ብቻዋን ስላልሠራችው ነው፤ ትከሻውን ነክቶ ስሕተቷን የሚያርም፣ የዛሬ ወር የሠራውን ልምምድ ዛሬ በሌላ የሚለውጥ፣ «ይህ አይመለስም፣ በዚያ በኩል እንሂድ» ብሎ እውነቱን የሚነግር ሰው ከኋላዋ ነበር። ቤተሰቡ የባለሙያው እጅ እንጂ የባለሙያው ምትክ አይደለም። «ቤተሰብ ያስታምማል» የሚለው ባህላችን፣ መንግሥት ፊዚዮቴራፒስት ላለመቅጠር የሚያቀርበው ሰበብ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የማገገሚያ ሕክምና የጤና ሥርዓቱ አካል ሆኖ እንዲጠናከር ውሳኔ አሳልፏል፤ ከጄኔቭ ተሁለደሬ ለመድረስ ግን ብዙ ዳገት አለ። ከመንደራችን ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወግዲ ወይም ከደላንታ ለሚመጣ ሰው ይህ መታደል ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስመርቃል፤ የአገራችን ወጣቶች ተምረውታል። የሚያስፈልገው የሥራ መደቡ ከዞን ከተማ ወርዶ ወረዳ ሆስፒታል መድረሱ ነው። ተሁለደሬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 13 የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ አዲስ ነገር ሞክሮ ማሳየት ለወረዳችን እንግዳ አይደለም። መድኅኑ ለብዙ ቤት በር ከፍቷል፤ ለእኛ ግን ትልቁ ወጪ የመንገዱ ነበር። ታካሚው በወር አንዴ ከሚመላለስ ባለሙያው በወር አንዴ ወደ ጤና ጣቢያው ቢመጣና የአካባቢውን የስትሮክ ሕሙማን በአንድ ቀን ቢያይ ወጪው ለሁሉም የሚቀልል ይመስለኛል። በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃን ሲመዝኑ፣ እናት ሲከታተሉ አይተናል፤ ግፊት መለካትን፣ ኪኒኑ አለመቋረጡን፣ የመዋጥ ችግር መኖር አለመኖሩን ማየት ከዚያ የሚከብድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ የጎደለው ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይሞላ አውቃለሁ። በአማርኛ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ የመውጫ ወረቀት ግን ጦርነት የዘረፈው ነገር አይደለም፤ ቀድሞም አልነበረም። አስታማሚውን ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ሰዓት አስቀምጦ «አንቺ አሳዪኝ» ማለትም እንዲሁ።

ባለፈው ወር ከእኛ ቀበሌ ማዶ ያለ አንድ አባወራ ታሞ ደሴ ከርሞ ተመለሰ። ሚስቱ ልጇን ልካ እኅቴን አስጠራቻት። እኅቴ ሁለት ትራስና የእናቴን አሮጌ ምርኩዝ ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። ቤቱ እንደ እኛው ቤት በሰው ሞልቷል፤ ሰውየው በጀርባው ተኝቷል፤ አንዲት ልጅ በማንኪያ ውኃ ልታጠጣው ጎንበስ ብላለች። እኅቴ የልጅቱን እጅ በቀስታ ያዘችና ወደ ሚስትየው ዞራ «ስትወጡ ምን ብለው ላኳችሁ?» አለቻት።

ሴትየዋ ወረቀቱን ከፌስታል አውጥታ እየዘረጋችልን «እንቅስቃሴ አሠሩት ነው ያሉን» አለች።